ያፍ አማርኛና የወረቀት አማርኛ፦ ጎንደር ላይ የቱን የት ልምረጥ?

ጎንደር ውስጥ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ቢያንስ ሦስት ዓይነት አማርኛ ይናገራል። ከቤት ሲወጣ የአገር ቤቱን፣ ፒያሳ ሲደርስ የከተማውን፣ ማመልከቻ ለመጻፍ ሲቀመጥ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱን። አብዛኛው ሰው በሦስቱ መካከል የሚመርጠው በአንድ መለኪያ ነው፦ ጉዳዩ ከበድ ካለ መደበኛውን፣ ቀለል ካለ የቤቱን።

ይህ መለኪያ ያሳስታል። ሐኪም ፊት ከመቀመጥ የሚከብድ ጉዳይ ብዙ አይደለም፤ እዚያ ግን የሚያዋጣው ሕመሙ ቤት ውስጥ የሚጠራበት ቃል ነው። የመሬት ኪራይ ውል በአንጻሩ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ተራ ነገር ይመስላል፤ በቤት ቋንቋ ከተጻፈ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ጎረቤትን ከጎረቤት ያካስሳል።

የተሻለው መለኪያ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ቃሌ እኔ በሌለሁበት ይነበባል? ሁለተኛ፣ ያልገባው ሰው መልሶ ሊጠይቀኝ ይችላል? ይነበባል፣ መልሶም አይጠይቀኝም ከሆነ መልሱ፣ የወረቀቱን አማርኛ ይምረጡ። ሰሚው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ከቻለ፣ ነገሩንም በትክክል የሚገልጸው የቤቱ ቃል ከሆነ፣ ሳያፍሩ የቤቱን ይናገሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

ሦስቱን መለየት

የአገር ቤቱ አማርኛ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከበለሳ፣ ከጭልጋና ከአርማጭሆ ቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ሰው የሚናገረው፣ ከተማው ውስጥም አዛውንቶች ያልተዉት ነው። የከተማው አማርኛ በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሞረደ ነው፤ ድምፁ የጎንደር ሆኖ ቃላቱ ለአዲስ አበባው የቀረቡ ናቸው። የጽሕፈት ቤቱን ግን ማንም አፉን አልፈታበትም። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚል እናት የለችም።

መደበኛ የሚባለው የኅትመት አማርኛ በብዛት የአዲስ አበባውን አነጋገር የተከተለው ማተሚያ ቤቱም፣ ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም እዚያ ስለተሰበሰቡ ነው። የጎንደሩ አነጋገር የተበላሸ አማርኛ ስለሆነ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። የነገሥታት ዜና መዋዕል ከግእዝ ወጥቶ በአማርኛ መጻፍ የጀመረውም የቋራው ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው የምናማርጠው ለሥራው በሚስማማበት መጠን ብቻ ነው።

የሚታለፍ ልዩነትና የማይታለፍ

የጎንደር አነጋገር ወደ ወረቀት ሲገባ ሁሉም እኩል ጉዳት አያመጣም። ጉዳት የሌለውን ለማረም የሚደክም ሰው እውነተኛውን ጉድለት ይስታል።

ትንሽ ጉዳት ያለው የፊደል ልዩነት ነው። በኅትመት «መጥቼ፣ አይቼ፣ ወስጄ፣ ሆኜ» የሚባለው በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ «መጥቸ፣ አይቸ፣ ወስጀ፣ ሁኘ» ይባላል፤ ብዙ ሰውም እንደሚናገረው ይጽፈዋል። «ጌታዬ» ሲባል «ጌታየ»፣ «እሺ» ሲባል «እሽ»፣ «እንጂ» ሲባል «እንጅ»፣ «ሄዶ» እና «ሆኖ» ሲባሉ «ሂዶ» እና «ሁኖ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ትርጉም አይለውጡም፤ ማንም አንባቢ አይሳሳትባቸውም። ለወዳጅ ደብዳቤ፣ ለግጥም፣ ለቴሌግራም መልእክት እንደ አፍዎ ይጻፉ። ለፈተና፣ ለሥራ ማመልከቻና ለመመረቂያ ጽሑፍ በመማሪያ መጽሐፍ የተለመደውን «ቼ፣ ጄ፣ ኜ» ይያዙ። በሁለቱም በኩል የሚያስነቅፈው መቀላቀሉ ነው፦ አንዱ መስመር ላይ «መጥቸ»፣ ሁለተኛው ላይ «አይቼ»። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይበቃል።

ከዚህ ከበድ የሚለው «ከ» በሚለው ቦታ የሚገባው «ተ» ነው። «ተቤት መጣሁ»፣ «ተዚያ ወዲህ»፣ «ተሱ ጋር» የሚለው አነጋገር በገጠሩ ዘንድ ሕያው ነው፤ ለጆሮም ያምራል። ወረቀት ላይ ግን «ተ» ሌላ ሥራ አለው፤ «ተመለሰ፣ ተከፈለ፣ ተወሰደ» የሚሉት ግሦች ሁሉ በእሱ ይጀምራሉ። አንባቢ «ተሰው የወሰድኩት» ላይ ሲደርስ ግሥ ይመጣል ብሎ ይጠብቅና ይደናቀፋል። ስለዚህ የሰው ቃል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ካልሆነ በስተቀር፣ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ «ከ»።

ከሁሉም የባሰው ጉድለት ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ የጎንደር ብቻም አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ልጁ ይመታል» ብለን ስንናገር ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ በድምፁ ይለያል፤ ስንጽፈው ግን አንድ ነው። «ይሰማል» ሰውየው የሚሰማ ይሁን ድምፁ የሚሰማ፣ «አለ» የተናገረ ይሁን የሚገኝ፣ በንባብ አይታወቅም። ከንግግር በቀጥታ የተገለበጠ አቤቱታ በዚህ ምክንያት ተበዳዩን በዳይ ሊያስመስለው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አድራጊውንና ተደራጊውን ሁለቱንም ይጻፉ («ልጄን ጎረቤቴ ይመታዋል»)፣ ወይም የማያሻማ መልክ ይምረጡ («ልጄ እየተመታ ነው»)። የጻፉትን ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። የሚያጠብቀውን ካላላ፣ ዐረፍተ ነገሩ ይለወጥ።

ስለ ሞክሼ ፊደላት (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ) ብዙ ክርክር አለ። ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስምዎ በመታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በባንክ ደብተር ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። በአንዱ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ከሆነ አንድ ሰው መሆንዎን ለማስረዳት ሌላ ወረቀት ሊጠየቁ ይችላሉ።

አንቱ ወይስ እርስዎ

በአገር ቤቱ አማርኛ ታላቅን ሰው «አንቱ» ማለት የወግ ነው። ከተማውና ቢሮው «እርስዎ» ይላሉ። ለገጠር አዛውንት፣ ለአማት፣ ለቄስ «አንቱ» ሙቀት ያለው አክብሮት ነው፤ «እርስዎ» ቢባሉ አይቀየሙም፣ ግን ትንሽ ይርቃል። ለማያውቁት የቢሮ ኃላፊ፣ ለባንክ ሠራተኛ፣ ለሐኪም «እርስዎ» ይሻላል። በጽሑፍ ሁልጊዜ «እርስዎ»።

ችግሩ ከተውላጠ ስሙ ይልቅ ግሡ ላይ ነው። ወጣቱ «አንቱ» ብሎ ይጀምርና «የት ነው የምትሄደው?» ብሎ ይጨርሳል። አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አዛውንቱ ደግሞ መጨረሻውን ነው የሚሰሙት። «አንቱ የት ነው የሚሄዱት?» ይባላል። ግሡ ብቻ ሳይሆን የራስነት ምልክቱም አብሮ መሄድ አለበት፦ «ስልክዎን፣ ቤትዎ፣ ልጅዎ»። «ይቀመጡ፣ ቦርሳህን እዚህ አድርገው» የሚል አነጋገር ጎንደር ላይ በቶሎ ይታወቃል፤ ባለጌ ባያሰኝ እንኳ ያልታረመ ያሰኛል።

በወረቀት ላይ ደግሞ የአክብሮት ግሥ ሌላ ጣጣ አለው። «አባቴ መጡ» ግልጽ ነው። «አባቴና ሁለቱ ወንድሞቼ ነበሩ፤ ከዚያ ተነሥተው ሄዱ» ግን ማን ሄደ? አባት ብቻ ወይስ ሁሉም? አክብሮትና ብዛት በአማርኛ አንድ ዓይነት ግሥ ስለሚይዙ፣ ውልና የምስክርነት ቃል ላይ ስሙን መድገም ግድ ነው፦ «አቶ እገሌ ተነሥተው ሄዱ»። መደጋገሙ ለጆሮ አይጥምም፤ ለውል ግን ይጠቅማል። ለመሥሪያ ቤት ሲጽፉም ወይ «መሥሪያ ቤታችሁ» ወይ «መሥሪያ ቤትዎ» ብለው አንዱን ይያዙ።

መጠሪያውም እንዲሁ ይመረጣል። በቤትና በገበያ «አያ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ» (በጎንደሩ አፍ «ጋሸ፣ እትየ») ይባላል። ቄስ ሲያገኙ «አባ፣ ይፍቱኝ» ይላሉ፤ ከመስቀሉ ጋር «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይመለሳል። የአብነት መምህር «የኔታ» ናቸው። የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያ የሆነችው የበአታ ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ከተማ ስለሆነች ይህን መሳት ጎንደር ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስወቅሳል። ወረቀት ላይ ሲሄዱ ይህ ሁሉ ይቀርና «አቶ፣ ወይዘሮ፣ መምህር፣ ቀሲስ፣ መሪጌታ» ከሙሉ ስም ጋር ይገባል፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ እገሌ» ብሎ የሚያውቀውን ሰው ምስክር ሲያደርጉ የመታወቂያ ስሙን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ቀን፣ ሰዓትና ልክ

ከሁሉም በላይ ገንዘብና ጉዳይ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የጎንደር ሰው ቀንን በታቦት ይቆጥራል። «በማርያም እመጣለሁ»፣ «ከሚካኤል ማግሥት ጀምሮ ታመመች»። በአፍ ይህ ትክክለኛ ቆጠራ ነው፤ ልደታ 1፣ በአታ 3፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔዓለም 27፣ አማኑኤል 28፣ በዓለ ወልድ 29። ወደ ወረቀት ሲያዛውሩ ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ የወሩ ነው ወይስ የዓመቱ? «ሚካኤል ዕለት» በየወሩ 12 ሊሆን ይችላል፤ ኅዳር 12 ብቻም ሊሆን ይችላል። «ማርያም» የየወሩ 21፣ ወይም የኅዳር ጽዮን፣ ወይም የጥር አስተርእዮ ናት። ጥምቀት ጥር 11፣ መስቀል መስከረም 17 ስለሆኑ ቢጻፉም አያስቸግሩም። «ከፋሲካ ማግሥት»፣ «ሁዳዴ ሲገባ» ግን በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል፤ የዚያን ዓመት ቀን አጣርቶ በቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። «አምና፣ ካቻምና፣ ዘንድሮ» ወረቀት ላይ አይግቡ። ወረቀቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲነበብ «ዘንድሮ» ሌላ ዓመት ነው።

የሌሊት ሰዓት ደግሞ ለብቻው ወጥመድ ነው። «ቅዳሜ ሌሊት ሰረቁኝ» ያለ ሰው ዓርብ አምሽቶ የነጋውን ይሁን ቅዳሜ አምሽቶ የነጋውን አልነገረንም። የቤተ ክህነቱ አነጋገር ይህን አስቀድሞ ፈትቶታል፦ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡም በዚሁ ይናገሩ። የአውሮፕላን ትኬት ሰዓቱን በውጭው አቆጣጠር ያትማል፤ 9፡00 ተብሎ የታተመው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ወዳለበት አዘዞ የሚሄድ ሰው ይህን ለባጃጅ ነጂው ሲነግር በአገሩ ሰዓት ይንገረው፤ ትኬቱን እያነበበ «9 ሰዓት ድረስልኝ» ካለ ነጂው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

ልክ ላይም ሁለቱን አማርኛ ማጋባት እንጂ አንዱን መጣል አይበጅም። መሬት በገበሬው አፍ በጥማድ ይለካል፤ አንድ ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚታረስ ነው። በወረቀት ብዙ ጊዜ 4 ጥማድ እንደ 1 ሄክታር ይታሰባል። ነገር ግን ጥማድ እንደ አፈሩና እንደ ዳገቱ ይለያያል። ውል ላይ «2 ጥማድ (0.5 ሄክታር)» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ፤ ከዚያም አዋሳኙን በአራቱም ማዕዘን በስም ይጥቀሱ። ቁጥሩ ቢያከራክር አዋሳኙ ይፈርዳል። ቁናና ጣሳ ከገበያ ገበያ ስለሚለያዩ ለግዥው በቂ ናቸው፤ ለብድርና ለውል ግን በኪሎ ወይም በኩንታል ይመዘን።

አንድ አቤቱታ በሦስት መልክ

ውሃ የጠፋበት ሰፈር አለ እንበል። ያገሩ ሰው እንዲህ ይላል፦

«ኧረ ውሃ ካየን ሰነበትን! ተማርያም ወዲህ ጠብ ያለች የለችም። እናቶች በጀሪካን ተወንዝ እየተሸከሙ አለቁ።»

ይህንኑ ጽሕፈት ቤትኛ የለመደ ሰው ሲጽፈው፦

«በአካባቢያችን ከንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ጋር በተያያዘ እየተስተዋለ ያለው የመቆራረጥ ችግር ነዋሪውን ለከፍተኛ እንግልት እየዳረገ የሚገኝ በመሆኑ፣ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን የማስተካከያ ሥራ የመሥራት ተግባር እንዲያከናውን እንጠይቃለን።»

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይዩ። ያገሩ ሰው ቀኑን ተናግሯል (ከ21 ጀምሮ)፤ ጉዳቱን ተናግሯል፤ ማን እንደተጎዳም ተናግሯል። ሁለተኛው ግን ከባድ ቃላት ደርድሮ ሦስቱንም አጥፍቷቸዋል። ሠራተኛው ይህን አንብቦ የሚጠግነው መስመር የለም። መደበኛ አማርኛ ማለት እንዲህ መጻፍ ይመስለው የነበረ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ሰው ሊማር ይገባዋል። የሚሠራው ይህ ነው፦

«በሰፈራችን ከመጋቢት 21 ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ መጋቢት 30 ቀን ድረስ ውሃ አልመጣም። ነዋሪዎቹ ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳን ነው። መስመሩ ተመርምሮ እንዲጠገንልን፣ እስከዚያው ድረስ በቦቴ ውሃ እንዲቀርብልን እንጠይቃለን።»

ከቤት ቋንቋው ዝርዝሩን፣ ከወረቀቱ ቁጥሩንና «ከ»ን ወስዷል። «የማድረግ ሥራ ተሠራ»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ»፣ «ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚሉትን ሲያገኙ ይሰርዙ፤ «የማጽዳት ሥራ ተሠርቷል» ማለት «ጸድቷል» ማለት ብቻ ነው። ከአንድ ገጽ የሚበልጥ ማመልከቻ ሙሉውን የሚያነበው ጥቂት ነው።

ቅርጹ የታወቀ ነው፦ ቀኑ በቀኝ በኩል ከላይ፣ በግራ «ለ» ብሎ መሥሪያ ቤቱ፣ ከሥሩ «ጉዳዩ» በአንድ መስመር («የውሃ መስመር እንዲጠገንልን ስለመጠየቅ»)፣ ከዚያ ማን እንደሆኑ፣ ምን መቼ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልጉ። በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር»፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፤ የሚያያዝ ካለ «አባሪ፣ 2 ገጽ»። አድራሻ ሲጽፉ «ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ» ለባጃጅ ነጂ ነው፤ ለማመልከቻ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር።

ሐኪም ፊት

እዚህ ምርጫው ይገለበጣል። ሕሙማን «ሐኪሙ የተማረ ነው» ብለው «የጨጓራ ችግር አለብኝ»፣ «ነርቭ ነው መሰል» እያሉ ይገባሉ። ይህ የሕመም ስም ነው፤ ስሙን ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው። የቤቱ አማርኛ ግን ሕመምን የሚለይባቸው ግሦች አሉት፦ ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይበላኛል፣ ይነፋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ያጥወለውለኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። «ሆዴን አመመኝ» ካሉ ምንም አልነገሩም። «እንጀራ ከበላሁ በኋላ ከእንብርቴ በላይ ያቃጥለኛል፣ ሌሊት ይብሳል» ካሉ ግማሹን መንገድ ሄደዋል።

«ምች መታኝ»፣ «መጋኛ ነው»፣ «ቁርጥማት ያዘኝ» የሚሉት ምክንያትንና ስሜትን በአንድ ያሰሩ ቃላት ናቸው። አይደብቋቸው፤ ግን ስሜቱን አስቀድመው ስሙን ያስከትሉ፦ «ጎኔን ድንገት ወጋኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ፤ ቤት መጋኛ ነው አሉኝ»። «ልቤን» ያሉ እንደሆነ ጣትዎን ቦታው ላይ ያድርጉ፤ በቤት አማርኛ ልብ ከደረት እስከ ጨጓራ ድረስ ይዘልቃል። «ሰነባበተ»፣ «ከርሟል» ሳይሆን ስንት ቀን። ስለ ሽንትና ሰገራ በቤት ቋንቋ «ውጭ ወጣሁ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ሐኪም ፊት ግን «ተቅማጥ፣ በቀን 6 ጊዜ፣ ደም አለበት» ይባላል፤ ነውር የለበትም።

መድኃኒት ሲሰጥዎ ወደ ቁጥሩ አማርኛ ይመለሱ። «አንድ ማንኪያ» አይበቃም፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለሕፃን ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። «በቀን 3 ጊዜ» ሲሉዎ «በየ8 ሰዓቱ ነው ወይስ ከምግብ ጋር?» ብለው ይጠይቁ። የአገር ቤት እናትን የሚያስከትል አስታማሚም የእሷን ቃል ወደ ከተማው አማርኛ አይተርጉምላት፤ እንዳለችው ያቅርበው።

የምስክርነት ቃልም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ዛቻና ስድብ ሲመሰክሩ «አስፈራራኝ» ብለው አያጠቃልሉ፤ የተባለውን ቃል በቃል፣ «ተ»ውም ሳይቀር፣ በጥቅስ ይናገሩ። ዳኛው የሚመዝነው ያንን ቃል ነው። ችሎቱን ሲያነጋግሩ «ክቡር ፍርድ ቤት» ይበሉ።

ደስታና ኀዘን

የሠርግ ጥሪ ካርድ የራሱ የተረጋጋ ቋንቋ አለው፦ «ይገኙልን ዘንድ በአክብሮት ጠርተንዎታል»። ለሥራ ባልደረባ ይበቃል። ለዘመድ አዛውንት ግን ካርድ ብቻ መላክ ቅሬታ ያመጣል። ሰው ይሂድ፤ ደጅ ላይ «ቤቶች!» ይበል፣ «ደጆች!» ሲባል ይግባ፣ «ሠርግ አለብን፣ እንዳይቀሩብን» ብሎ በአፉ ይንገር። ካርዱን ከዚያ በኋላ ቢሰጥ ያምራል።

ኀዘን ላይ ለሰው «ሞተ» ማለት ለቤተሰቡ ጆሮ ይከብዳል፤ «አረፉ» ይባላል። «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» የማስታወቂያና የሕይወት ታሪክ ቋንቋ ነው፤ ድንኳን ውስጥ አያስፈልግም። እዚያ «እግዜር ያጽናችሁ፣ ነፍስ ይማር» ይበቃል። ምስክር ወረቀት ላይ ያለ ማመንታት «ሞት» ይጻፋል።

ከሌላ አገር ለመጣ

ለትምህርት ወይም ለሥራ ጎንደር የገባ ሰው የጎንደርን አነጋገር መኮረጅ አይጠበቅበትም፤ ድምፁን አስመስሎ «እሽ» ቢል መቀለድ ይመስላል። መስማት መቻል ግን አለበት። መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ «ተ» ማለት «ከ» መሆኑን፣ የታቦታቱን ቀን፣ «ሸጋ» እና «ማለፊያ» ጥሩ ማለት መሆናቸውን፣ ሰው ሲገባ ብድግ ብለው «ኖር!» ሲሉት «በእግዜር!» ብሎ መመለስን፣ የገበያ ሴት «የኔ ጌታ» ስትለው ዕቃ ለመሸጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ አነጋገሯ እንደዚያ መሆኑን። ዋጋ ሲጠይቅ «በስንት ትሰጪኛለሽ?»፣ ሻጭዋ በዕድሜ ከበለጠች «በስንት ይሰጡኛል?»።

በስልክ መልእክት ለታላቅ ሰው ሲጽፍ «እሺ» ብቻ ብሎ አይላክ፤ ድምፅ የሌለበት «እሺ» ቁጣ ይመስላል። «እሺ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እመጣለሁ» ይበል። ቀጠሮ በታቦት ከተሰጠው፣ «በኪዳነ ምሕረት ማለት የካቲት 16፣ ሰኞ ነው አይደል?» ብሎ እዚያው መልእክቱ ላይ ያረጋግጥ።